ዘጠኝ ቀን ቀይ

የመኪና ማቆሚያውን ማገጃ ብረት ዝቅ አድርጋ ከሾፌሩ ትኬት ስትቀበል ነው የጫማው ነገር ትዝ ያላት። ጠዋት ስትወጣ የአማቷ ጥቁር ሸራ ጫማ በሩ ሥር ተቀምጦ ነበር። ሶሉ ላይ ጭቃ አለ። እርጥብ ጭቃ። ትናንት ከሰዓት ዘንቧል፤ አማቷ ግን ደጅ ከረገጡ ሁለት ወር አልፏቸዋል።

ትኬቱን እንደያዘች ክው አለች። ሾፌሩ ሂሳቡን ሁለት ጊዜ ጠየቃት።

ከሁለት ወር በፊት አማቷ ወጥተው ጠፍተው ነበር። አመሻሹ ላይ አውቶቡስ መናኸሪያው ውስጥ ተገኙ፤ ከሠላሳ ዓመት በፊት የለቀቁትን ቤት ለመንገደኛው ሁሉ ሲጠይቁ ነበር የዋሉት። ከዚያ ወዲህ ወደ ሥራ ስትሄድ በሩን ትቆልፍባቸዋለች። የሟች ባሏ እናት ናቸው፤ አደራ ናቸው።

ከዘጠኝ ቀን በፊት አዲሱን መቆለፊያ የገጠመችው ልጇ ናት። በስልክ የሚታዘዝ የበር ቁልፍ የሚያመርት ድርጅት ውስጥ ትሠራለች። ሥራዋ ሰው ስልኩን ሲያይ ምን እንደሚያስብ፣ ጣቱስ ወዴት እንደሚሄድ ቀድሞ በወረቀት መንደፍ ነው። ሰውየው ያያል፣ ያስባል፣ ይጫናል፤ ሁለት ሰከንድ አይፈጅበትም እያለች በኩራት አሳይታት ነበር። የትኛው ሰውዬ ብላ ብትጠይቃት፣ ወረቀቱ ላይ ያለው ብላ ሳቀች። እጀታውን እየሳቡ መፈተሽን ግን ከለከለቻት። ስልኳ አጠገቡ እስካለ ድረስ በሩ ራሱ ይከፈትላታል፤ ስለዚህ ከእጇ ይልቅ ስልኩና በሩ ላይ ያለችው ትንሽ መብራት የሚያሳዩትን ቀለም ማመን አለባት።

ስልኳን አውጥታ አየች። ጠዋት እንደተወችው ቀይ ነው። ልጇ ጋ ደወለች።

"ቀይ ከሆነ ተዘግቷል አይደል?"

"እማዬ፣ የተዘጋው አረንጓዴ ነው። አረንጓዴ ሰላም ነው ማለት ነው። ቀይ ክፍት ነው፣ ተጠንቀቂ ማለት ነው።"

ፊቷ ያሉትን የማገጃውን ሁለት መጫኛ ቁልፎች አየቻቸው። ቀዩን ስትጫን ብረቱ ይወርዳል፣ አረንጓዴውን ስትጫን ይነሳል። አሥራ አንድ ዓመት እንዲሁ ነው። ለካ በየጠዋቱ በሩን ገጥማ ሦስት እርምጃ ስትርቅ ስልኩ አረንጓዴ የሚሆነው፣ በሩ ራሱን ስለሚቆልፍ ነው። እሷ ደግሞ ተከፈተ ብላ እየደነገጠች ቀይ እስኪሆን ትጫነዋለች። በገዛ ጣቷ፣ ዘጠኝ ቀን ሙሉ።

ቦታዋን ለባልደረባዋ ሰጥታ ሮጠች። መንገዱን ሁሉ ያልታያት ነገር የለም፤ የመኪና ጎማ፣ ክዳኑ የተነሳ የፍሳሽ ጉድጓድ፣ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ በአንሶላ የተሸፈነ ሰው። የፈሩት ይደርሳል ሲባል ሰምታለች።

ቤቱ ባዶ ነበር። አልጋው ተነጥፏል። ጫማው የለም።

ተመልሳ ሮጣ ወጣች። መንገዱን ወደ ታች ወርዳ ማዕዘኑ ላይ ስትደርስ ነው፣ አማቷን ከጫማ ሰፊው ዣንጥላ ሥር፣ ሣጥን ላይ ተቀምጠው ክር በሰም ሲያሹ ያየቻቸው።

"ዛሬ ምነው በጊዜ?" አለ ጫማ ሰፊው። "ስምንት ሰዓት ሲሆን እኔ ነኝ ቤት የማደርሳቸው። ክፍያ አልጠይቅም፤ ክሩን በነፃ ያሹልኛል።"

አማቷ ቀና ብለው ፈገግ አሉ። "ምራቴ ማለት ይቺ ናት፤ ያልኩህ።" ከዚያ ወደ እሷ ዞሩ። "ቀይዋን መብራት በሩ ላይ አብርተሽልኝ ስትሄጂ፣ ይቺ ልጅ አመነችኝ ብዬ ስመርቅሽ ነው የሰነበትኩ። ሩቅ አልሄድኩም። እምነትሽን አልበላሁም።"

ጎንበስ ብላ የተፈታውን የጫማቸውን ክር አሠረችላቸው።

ማታ ልጇ ወረቀቷን ይዛ፣ ፊቷ አመድ መስሎ መጣች። ቀለሙን ሃያ ሰው ላይ ሞክረነዋል፤ ከሃያው አንድም እንዳንቺ በር ላይ የሚሠራ ሰው አልነበረም አለች ማድ ቤት ውስጥ በሹክሹክታ። እናትየው አፏን እንድትዘጋ በጣቷ ምልክት ሰጠቻት። አማት ግን ወረቀቱን አይተውት ኖሮ ምንድን ነው ብለው ጠየቁ።

"ሰው በር ሲቆልፍ የሚያስበው ነው፣ እማማ" አለች ልጅቷ።

አማት ወረቀቱ ላይ የተሳሉትን ቀስቶች በጣታቸው ተከተሉ። "ይሄ ሰውዬ ብቻውን ነው የሚኖረው?"

ልጅቷ ወረቀቱን አጣጥፋ፣ ቀለሙን አሁኑኑ እንደምትገለብጠው ለእናቷ ነገረቻት።

"አትንኪው" አለች እናት። "ነገም ቀይ አድርጌው ነው የምሄደው።"

"አውቀሽ?"

"አውቄ።" ስልክ ቁጥሯን በትልልቁ ቁራጭ ወረቀት ላይ ጻፈችና የአማቷ ካፖርት ኪስ ውስጥ ከታ፣ ኪሱን በመርፌ ቁልፍ ያዘችው። የጫማ ሰፊውን ቁጥር ቀን ተቀብላዋለች።

ከዚያ የሌሊቱን መቀርቀሪያ ልትዘጋ ተነሳች፤ እንደ ወትሮዋ ሦስት ጊዜ ልትፈትሸው። በሩ ጋ ሳትደርስ ግን ቆም አለች።

"እማማ፣ እስቲ እርስዎ ይዝጉት።"

አማቷ እየተጎተቱ ሄደው ብረቱን ገፉ። በመዳፋቸው በሩን አንዴ ጫን አሉት፤ አልተንቀሳቀሰም።

"ተዘግቷል" አሉ።

እሷም ሳትፈትሸው መብራቱን አጠፋች።