የባሕር ሣርና የሙሐዲን ቡና

ሙሐዲን ተጠራጣሪ ነው ቢባል ያንስበታል። «ሰላም» ያለውን ሰው እንኳ «ምን ፈልጎ ይሆን?» ብሎ ዞሮ የሚያይ ነው። ለነገሩ ዘመኑ የደርግ፤ ማን ይፈርድበታል?

በጅማዋ የቡ የቡናው ፍሬ ሳይቀላ እየጠቆረ ይረግፍ ነበር። የሙሐዲን የታችኛው ማሳ እንዳለ ታሟል። ጤነኛ ሆኖ የቀረው ከቤቱ ጀርባ ያለው ስልሳ እግር ቡና ብቻ ነው፤ እሱ ከሄደ ስድስት ልጆቹን የሚያበላበት የለውም።

ግንቦት ላይ ኤርሲዶ የሚባል የግብርና ሠራተኛ አንድ ጀሪካን ጥቁር ውሃ ይዞ መጣ። ሽታው፣ ያ ረቢ! የሞተ ዓሣ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ከባሕር ሣር የተጨመቀ ነው፣ ጋሼ። ቡናው በሽታውን እንዲቋቋም ያደርገዋል። ከውጭ ለሙከራ የመጣ ነው።»

ከውጭ! ጭራሽ አባሰው።

ኤርሲዶ ከቤቱ ጀርባ ባሉት ቡናዎች ላይ ቀይ ጨርቅ አሰረ። «ረጪዎቹ ቅዳሜ ይመጣሉ፤ ጨርቅ ያለበትን ብቻ ይረጫሉ» አለና የጎረቤቱን የዘይቡንም ቡና አስሮ፣ ለስልጠና ጅማ ሄደ።

ሙሐዲን ጨርቁን ዞሮ ዞሮ አየ። የታመመው እያለ ለጤነኛው መድኃኒት ማን ይሰጣል? ደግሞስ በዚህ መንግሥት ቀይ ምልክት የተደረገበት ነገር ሲወሰድ እንጂ መቼ ሲሰጥ አየ! ዓርብ ከጁምዓ ሲመለስ ጨርቁን አንድ በአንድ ፈትቶ በሽተኞቹ ላይ አሰረው። መድኃኒት ከሆነ ያድናቸው፤ መርዝ ከሆነም ያው የሞቱ ናቸው። በብልጠቱ ኮራ።

ሦስት ጊዜ ተረጨ። በሽተኞቹ አልዳኑም። «አላልኩም?» እያለ መንደሩን ዞረ። ዘይቡን «ማሎ፣ እባክሽ አስቁሚያቸው» ቢላት ሳቀችበት።

ነሐሴ ላይ ከቤቱ ጀርባ አረንጓዴው ፍሬ ላይ ጥቁር ነጥብ አየ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ነጥቡ ጓሮውን አዳረሰ። በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ የዘይቡን አየ፤ ጥርት ያለ አረንጓዴ!

ኤርሲዶ ሲመለስ፣ «አሻጥር ሠራ ብሎ ያሳስረኛል» እያለ እየፈራ ሁሉንም ነገረው። ኤርሲዶ አልተቆጣም፤ ይሄ ይበልጥ አስፈራው።

«የተረፈ ካለህ ስጠኝ፣ እባክህ ልጄ።»

«ጀሪካኑስ አለ፣ ጋሼ። ግን ይሄ ነገር ጤነኛውን ይጠብቃል እንጂ የታመመውን አያድንም። ያልታመመ ቡና ያሳዩኝ፣ አሁኑኑ እረጨዋለሁ።»

ሙሐዲን እየመራ ወደ ጓሮ ገባ። ቅርንጫፍ እየሳቡ፣ ፍሬ እያገላበጡ ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ሲሉ የቀትሩ ሶላት፣ ዙህር ደረሰ። ስልሳውንም አዩ። አንድም አልተገኘም።