የአምሳሉ ባለ ሁለት በር መኪና

አምሳሉ ሐይቅ ከተማ ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ጋራዥ ያለው መካኒክ ነው። አሥራ ስድስት ዓመት የሰው መኪና ሲፈታና ሲገጥም ኖሯል። ሚኒባስም ይሁን አይሱዙ ወይም ባጃጅ፣ የመጣለትን ሁሉ ይሠራል። የራሱ መኪና ግን አልነበረውም። ሚስቱ ፋሲካ "መኪና ሠሪ አግብቼ በእግሬ እሄዳለሁ" እያለች ስታሾፍበት "ይደርሳል" ብሎ ያልፋታል።

የደረሰው ባላሰበው መንገድ ነው። ከወልድያ ወደ ደሴ ትሄድ የነበረች አንዲት ቀይ የስፖርት መኪና ሐይቅ ስትደርስ ሞተሯ ነደደ። ባለቤቱ አስጎትቶ አምሳሉ ጋራዥ አስገባትና መለዋወጫ ይዤ እመለሳለሁ ብሎ ሄደ። አራት ወር ቆይቶ ደወለ።

"ወንድሜ፣ እኔ ተስፋ ቆርጫለሁ። የምትፈልጋት ከሆነ ባለችበት በርካሽ ላስቀርልህ" አለው።

አምሳሉ አስቀራት። ስምንት ወር ሙሉ የሰው ሥራ ሲጨርስ እሷ ላይ ይሠራ ነበር። ሞተሯን አወረደ፣ ላሜራዋን አስተካከለ፣ ከደሴም ከኮምቦልቻም ዕቃ አስመጣ። ሞተሩ የተነሣ ዕለት የሰፈሩ ሰው ድምፁን ሰምቶ ከየሱቁ ወጣ። አምሳሉ ብቻውን ገብቶ በሐይቁ ዳር ወደ ገዳም እስከሚወስደው መታጠፊያ ነዳትና ተመለሰ። ከሠርጉ ቀን ወዲህ እንደዚያ ደስ ብሎት አያውቅም።

ቤቱ በር ላይ ሲያቆማት ፋሲካ ሁለቱን ሴት ልጆቻቸውን፣ የአሥራ ሁለት ዓመቷን አርሴማንና የስምንት ዓመቷን ፋናን፣ ይዛ ወጣች። መኪናዋን ዞራ አየቻት። ሁለት በር ብቻ ናት። ፋሲካ በሩን ከፈተች፣ የጋቢናውን ወንበር ወደፊት አጠፈችና አጎንብሳ ወደ ኋላ ተመለከተች።

"ይሄ የኋላው ወንበር ለማን ነው?" አለችው።

"ለልጆቹ ነዋ።"

"ልጆቹ ያድጋሉ እኮ፣ አምሳሉ።"

አምሳሉ ጨርቅ አውጥቶ መስታወቷን መወልወል ጀመረ።

የአምሳሉ ወላጆች የሚኖሩት አርዲቦ ሐይቅ አጠገብ ካለ ገጠር ነው። አባቱ መሪጌታ መዝገቡ የቤተ ክርስቲያን ዜማ አስተማሪ ናቸው፤ አገሩ ሁሉ የኔታ ይላቸዋል። ረጅም ሰው ናቸው፤ ቁመታቸውን ለአምሳሉ አውርሰውታል። እናቱ ማናዬ ትባላለች። ጥር ላይ ሐይቅ የዘመድ ሠርግ ነበርና አምሳሉ ወላጆቹን ሊያመጣ ልጆቹን ይዞ ሄደ። መንገዱ ድንጋይ ነው፤ ዝቅ ያለችው መኪና ሆዷ መሬት እየነካ ሄደች። ሲመለሱ የኔታ ጋቢና ተቀመጡ። እናቱና ሁለቱ ልጆች ከኋላ ገቡ። ፋና አያቷ ጭን ላይ ሆነች። አርሴማ አንገቷን ሰብራ ተቀምጣ መንገድ ላይ አስመለሳት።

ሐይቅ ሲደርሱ እናቱ መውጣት አቃታት። እግሯ ደንዝዞ ነበር። የኔታ ሁለት እጇን ይዘው እየጎተቱ አወጧት። እሷ ሳቀች፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። ልጃቸውን ወደ ጎን ጠሩት።

"ልጄ፣ ይቺ መኪና ስንት ሰው ትይዛለች?"

"አራት ትይዛለች፣ አባዬ።"

"አራት የሚለው ወረቀቱ ነው። እናትህን ጠይቃት፣ ሁለት ነው የምትልህ። ኋላው ለመልክ ነው የተሠራው። አንተ ብቻህን አይደለህም፤ እኛም እያረጀን ነው። ሁላችንንም የምትችል ፈልግ።"

የተናገሩት ሳይቆጡ ነው። አምሳሉ ግን ከፋው። ስምንት ወር ደክሞባት ማንም "ጎበዝ" ያለው አልነበረም። ቢሆንም "እሺ አባዬ፣ ክረምት ሳይገባ እለውጣታለሁ" ብሎ ቃል ገባ።

መለወጫው ሚያዝያ ላይ መጣ። ውጫሌ ከተማ የሚኖር ዝናው የሚባል የእህል ነጋዴ ቀዩዋን መኪና ገበያ ቀን አይቷት ኖሮ ደወለለት። ባለ አራት በር ስቴሽን፣ የቤተሰብ መኪና አለኝ፣ እንቀያየር አለው። አምሳሉ ለፋሲካ ነግሯት ሄደ። ስቴሽኗ ግራጫ ናት፤ ውስጧ ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል። አምሳሉ ኮፈኗን ከፍቶ ሞተሯን አዳመጠ። ጤነኛ ነው። የኋላ ወንበሯን ወደ ፊት ሲያጥፈው ወለሉ እንደ አልጋ ተዘረጋ። እንከን ፈልጎ አጣ።

"እንግዲህ ምን ትላለህ? ቁልፍ እንለዋወጥ?" አለው ዝናው።

አምሳሉ ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ነበር። መንገዱ ዳር የቆመችውን ቀዩዋን መኪና አያት። እዚያው ጥሏት መሄድ ሆዱ እምቢ አለው።

"ትንሽ ላስብበት" አለና ተመለሰ።

ማታ ፋሲካ ስትጠይቀው "ሰውዬው ሐሳቡን ቀየረ" አላት። እሷም አመነችው።

ሰኔ በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ ሐሙስ ጠዋት፣ የወላጆቹ ጎረቤት አብዱልጀባር ደወሉ። ከአባቱ ጋር አብረው ያረጁ፣ አጥር ለአጥር የሚተያዩ ሰው ናቸው።

"አምሳሉ፣ የኔታ ወድቀዋል" አሉት። "ተማሪዎቹን ዜማ እያስጠኑ ሳለ ድምፃቸው መሀል ላይ ቆመ። አንድ ጎናቸው አይታዘዝላቸውም። አምቡላንስ ጠርተን ነበር፣ ወላድ ይዞ ወጥቷል አሉን። ቶሎ ና።"

አምሳሉ የቻለውን ያህል አፍጥኖ ነዳ። ዝናብ የቦረቦረው መንገድ ግን መኪናዋን እስከ ቤቱ አላስኬዳትም፤ ታች ወንዝ ዳር አቁሟት በሩጫ ወጣ። አባቱን በብርድ ልብስ ቃሬዛ አራት ሰው ተሸክሞ ወደ መኪናዋ አወረዳቸው። ዓይናቸው ክፍት ነው። ሊናገሩ ይሞክራሉ፣ የሚወጣው ግን ቃል አይደለም።

መኪናዋ ጋ ሲደርሱ ተሸካሚዎቹ ቃሬዛውን እንደያዙ ቆሙ።

"የት ነው የምናስተኛቸው?" አሉ አብዱልጀባር።

አምሳሉ የጋቢናውን ወንበር ወደ ኋላ አስተኛውና አባቱን አጋደሙበት። ሰውነታቸው ራሱን ስለማይችል ወደ ማርሹ ተንሸራተቱ። የሚይዛቸው ሰው ከኋላ እንዲገባ ደግሞ ወንበሩ መልሶ መቃናት አለበት። አብዱልጀባር ልግባ አሉ። አምሳሉ ቁመተ ረጅም በመሆኑ ከሱ ወንበር ኋላ እግር ማስገቢያ የለም፤ ከአባቱ ኋላም ለአብዱልጀባር ትከሻ አይበቃም።

"እኔ እገባለሁ" አለች እናቱ።

ጫማዋን አውልቃ፣ አጎንብሳ፣ በጎኗ ተጣጥፋ ገባች። ወንበሩን መለሱባት። የኔታን አስቀመጡና ቀበቶ አሰሩላቸው። ማናዬ ነጠላዋን በባሏ ደረት ዙሪያ አሳልፋ ጫፉን ከወንበሩ ኋላ ያዘች፤ በሌላ እጇ ግንባራቸውን ደገፈች። አብዱልጀባር መንገዱ ላይ ቆመው ቀሩ።

ሐይቅ ጤና ጣቢያ የደም ግፊታቸውን ለክተው በአስቸኳይ ወደ ደሴ ጻፉላቸው። አስፋልቱ ላይ ሲወጣ አምሳሉ ነዳጅ ረገጠ። መኪናዋ ተስፈነጠረች።

"ቀስ በል" አለች እናቱ ከኋላ። "አንገታቸው ይወድቅብኛል።"

ቀነሰ። ትንሽ ቆይቶ ጭንቀቱ ሲያሸንፈው መልሶ ረገጠ። መታጠፊያው ላይ የአባቱ ራስ ከእናቱ እጅ አምልጦ ወደ መስኮቱ ወደቀ።

"ልጄ፣ አልችላቸውም፣ ቀስ በል" አለች።

ከዚያ በኋላ አይሱዙ ሁሉ እየቀደመው እስከ ደሴ በቀስታ ነዳ። እናቱ ከኋላ ለባሏ ስታወራላቸው ይሰማው ነበር። "አንቱ፣ ደረስን። አይዞዎት፣ ይኸው ሕንፃው ታየ።"

ሆስፒታሉ በር ላይ ሁለት ሰዎች ተሽከርካሪ አልጋ ይዘው ሮጡ። የኔታን ሲያወጧቸው ወንበሩ ቀጥ እንዳለ ቀረ። አምሳሉ ከኋላቸው ተከትሎ ገባ። ካርድ አውጣ ተባለ፣ አወጣ። ሐኪሟ የሚወስዱት መድኃኒት አለ ወይ ብላ ጠየቀችው፤ እናቱ ናት የምታውቀው፣ እሱ አያውቅም። ያኔም ቢሆን እናቱ የት እንዳለች ትዝ አላለውም። በር ላይ ተቀመጥ አሉት፣ ተቀመጠ። ግማሽ ሰዓት ያህል ሆኖ ይሆናል፣ ሐኪሟ ወጣች። ፊቷን ሲያይ ተነሣ።

"በጣም አዝናለሁ" አለችው። "የቻልነውን አድርገናል።"

ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። ሐኪሟ አብሮት ሌላ ሰው እንዳለ ስትጠይቀው ነው እናቱ ትዝ ያለችው።

መኪናዋ በሩ እንደተዘጋ ቆማለች። እናቱ ከኋላ ናት። የወንበሩ ማጠፊያ ከውጭ ካልሆነ አይደረስበትም፤ እሷም የት እንዳለ አታውቅም። መስታወቱን ስትመታ ቆይታ መዳፏ ቀልቷል። ያለፈ ሰው ሁሉ ሰው የሚጠብቅ መስሎት አልፏታል። አምሳሉ በሩን ከፈተ።

"አስገቧቸው?" አለችው። "ምን አሉህ? የግፊቱን ክኒን ትናንት እንዳልወሰዱ ነገርካቸው?"

ወንበሩን ለማጠፍ አጎነበሰ። ፊቱን አየች። ሌላ አልጠየቀችውም። እሱ ቆሞ፣ እሷ እዚያ ጠባብ ቦታ ውስጥ እንደተጣጠፈች፣ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ቆይታ "አውጣኝ" አለችው።

አብዱልጀባር በሚኒባስ ተሳፍረው የደረሱት ከዚያ በኋላ ነው። ቃሬዛው ሲወርድ የወደቀውን የየኔታን ጫማ በፌስታል ይዘው ነበር።

አስከሬኑ በኪራይ ፒክአፕ ወደ አርዲቦ ተመለሰ። እናቱ ከአስከሬኑ አጠገብ ተቀመጠች። አምሳሉ ባዶዋን መኪና ይዞ ከኋላ ተከተለ። በቀብሩ ላይ የየኔታ ተማሪዎች ፍትሐት አደረሱላቸው፤ ብዙዎቹ ትልልቅ ሰው ሆነው ከሩቅ የመጡ ነበሩ።

 ሰው "ቀናቸው ነው" እያለ ሲያጽናናው አምሳሉ ያመሰግናል፤ የውጫሌው ነገር ግን አላስተኛው አለ። በሠላሳ ዘጠነኛው ቀን ለፋሲካ ነገራት። በማግስቱ፣ የአርባው ተዝካር ወጥቶ ሰው ከተሸኘ በኋላ፣ እናቱ አጠገብ ሄዶ ቁጭ አለ።

"እማዬ፣ የምነግርሽ ነገር አለኝ።"

"ንገረኝ።"

"ሚያዝያ ላይ መኪናዋን ልለውጥ ውጫሌ ሄጄ ነበር። ሰውዬው እሺ ብሎኝ ነበር። እኔ ነኝ የተመለስኩት። ለፋሲካ የነገርኳት ውሸት ነው።"

እናቱ የተዋሰችውን የእንግዳ ሳህን እየቆጠረች ነበር። እጇ ቆመ።

"ለምን ተመለስክ?"

"መኪናዋን ስለምወዳት።"

"ፋሲካ ምን አለችህ?"

"ምንም አላለችኝም። ተነሥታ ወጣች።"

ማናዬ ሳህኖቹን ደራርባ ወደ ጎን አደረገች።

"እኔም ዛሬ ደግ ነገር ካፌ አይወጣም" አለች በመጨረሻ። "ቀናቸው ደርሶ ይሆናል። በምንም ቢሄዱ አይተርፉ ይሆናል፣ እሱን እግዜር ያውቃል። እኔ ግን የራሴ በር ቢኖረኝ ወርጄ አጠገባቸው እሆን ነበር። አርባ አንድ ዓመት አብሬያቸው ኖሬ፣ ነፍሳቸው ስትወጣ እኔ መስታወት እደበድብ ነበር።"

"ይቅር በይኝ፣ እማዬ።"

"አሁን አልችልም። ይቅር ብዬሃለሁ ብል እዋሽሃለሁ። ሂድ አሁን፣ ልጆችህ ይጠብቁሃል።"

መኪናዋን ነሐሴ ላይ ሸጣት። ስቴሽኗን ዝናው ለሌላ ሰው ሰጥቷት ነበር። የቀዩዋ ገዢ ከኮምቦልቻ የመጣ ወጣት ነው፤ ዓይኑ ቀዩ ቀለም ላይ ተተክሎ ቀረ።

"የኋላው ወንበር ሰው ይይዛል?" ብሎ ጠየቀው።

"አግብተሃል?" አለው አምሳሉ።

"ገና ነኝ።"

"ካገባህ ሽጣት። እናት ካለችህም ከኋላ አታስቀምጣት።"

ወጣቱ ቀልድ መስሎት ሳቀ። አምሳሉ የወንበሩን ማጠፊያ ሁለት ጊዜ አሳይቶት ቁልፉን ሰጠው።

ከዚያ በኋላ እሑድ እሑድ ባጃጅ እስከሚደርስበት ተሳፍሮ፣ የቀረውን በእግሩ እየወጣ እናቱን ይጠይቃል። ምሳ ታቀርብለታለች። ስለ ልጆቹ ትጠይቀዋለች፤ ከዚያ በኋላ ተነሥታ ወደ ጓዳ ትገባለች። አንድ ቀን አብዱልጀባር በሩ ላይ አግኝተውት "አታቋርጥ፣ ዝም ብለህ ና" አሉት። አላቋረጠም። ፋሲካም ቤት ውስጥ ታናግረዋለች፤ የሚነግራትን ነገር ግን አሁን አንድ ሁለቴ ሳትጠይቀው አትቀበለውም።

ጥቅምት ላይ፣ በገበያ ቀን፣ አምሳሉ አይሱዙ ሥር ተኝቶ ሲሠራ ሁለት የሴት እግሮች መጥተው አጠገቡ ቆሙ። ጭቃ የነካው ጫማ ነው። አንገቱን አወጣ። እናቱ ናት። ጋራዡን ከዚያ በፊት ረግጣው አታውቅም።

"እዚህ ነው የምትውለው?" አለችው።

"እዚህ ነው።"

"ይሸታል።"

"ናፍጣ ነው፣ እማዬ።"

"በርበሬ ልገዛ መጥቼ ነው። ልጆቹንም ላያቸው። እስክትጨርስ እጠብቅሃለሁ።"

አሮጌ ጎማ አንከባሎ ካርቶን አነጠፈላትና ተቀመጠች። እሱ ተመልሶ መኪናው ሥር ገባ። ብሎኑን ለማስገባት ሦስት ጊዜ ሞክሮ ሳተው። ዓይኑን በክንዱ ጠርጎ አራተኛ ጊዜ ሞከረ። እናቱ ጎማው ላይ እንደተቀመጠች ናት፤ ዘንቢሏን ጭኗ ላይ አድርጋ መንገዱን ታያለች።