ለቀላቢው እምቢ ማለት

እኔ የክሬን ኦፕሬተር ነኝ። ሥራዬ ከሃምሳ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ባለች የመስታወት ሳጥን ውስጥ ተቀምጬ ብረትና ብሎኬት ማንሳት ነው። ከታች ቆሞ በእጁ ምልክት የሚመራኝ ሰው አለ። ብርቱካናማ ጓንቱን በበጋም በክረምትም ስለማያወልቅ ጓንቴ እንለዋለን። ዘጠኝ ዓመት አብረን ሠርተናል። ክንዱን ዘርግቶ ሲጠቁመኝ አዞራለሁ፤ ጣቱን ወደ መሬት ሲቀስር አወርዳለሁ፤ ጡጫውን ሲጨብጥ ባለሁበት ቀጥ እላለሁ። በዚያ ሁሉ ዘመን አንድም ቀን እምቢ ብዬው አላውቅም፤ በዚህም ስኮራ ኖሬአለሁ።

ከሦስት ሳምንት በፊት ግን አንድ ጭነት ብሎኬት አንጠልጥዬ ሳዞር የግቢውን የውሃ ታንከር ገጨሁት። ሰው አልተጎዳም፤ ግማሹ ሠራተኛ ግን እስከ ጉልበቱ በሰበሰ። እኔ ጥፋተኛው አዙር ያለኝ ጓንቴ ነው አልኩ። እሱ ደግሞ ከላይ ሁሉን እያየ የገጨው ኦፕሬተሩ ነው ብሎ ድርቅ አለ። ከዚያ ወዲህ ሆድና ጀርባ ሆንን። ምልክቱን ይሰጠኛል፣ እኔም እፈጽማለሁ፤ ሰላምታ ግን የለም። አለቃችን በመጨረሻ ሰለቸው። ጥፋቱ የማን እንደሆነ እስከ ሰኞ ተስማምተን ካልነገርነው ጓንቴን ወደ ሌላ ሳይት ልኮ ለእኔ አዲስ ምልክት ሰጪ እንደሚያመጣልኝ አስታወቀን። በአፌ የመጣው ይምጣ አልኩ። እውነቱን ለመናገር ግን በሌላ ሰው እጅ እየተመራሁ ያን ሁሉ ብረት ማንሳቱን ላስበው እንኳ አልፈልግም ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት ሶፋው ላይ ተጋድሜ ጣሪያው ላይ ሳፈጥ፣ የአሥራ ስድስት ዓመቷ ልጄ አዘነችልኝ መሰለኝ ጆይስቲክ አቀበለችኝ። ጌሙ ቤዝቦል ነው። ስለ ቤዝቦል የማውቀው ዱላ እንዳለበት ብቻ ነበር። ልታስረዳኝ ስትጀምር፣ በቶን የሚለካ ብረት የማነሳ ሰው አንዲት ኳስ መወርወር አያቅተኝም ብዬ አቋረጥኳት።

ስክሪኑ ላይ እኔ ወርዋሪው ነኝ። ፊት ለፊቴ ልጄ የምታዘው መቺ ዱላውን ይዞ ቆሟል። ከመቺው ኋላ ደግሞ ትልቅ የቆዳ ጓንት አጥልቆ ኳሴን የሚይዝልኝ ቀላቢ ቁጢጥ ብሎ በጭኖቹ መሃል በጣቶቹ ይጠቁመኛል። የእጅ ምልክት ሳይ ደስ አለኝ፤ ይሄማ የኔው ሙያ ነው። ቀላቢው አንድ ጣቱን ወደ መሬት ቀሰረ። እኔም እንደታዘዝኩት ኳሷን መሬት ላይ ፈጠፈጥኳት። ቀጥሎ ጡጫውን ጨበጠ። ቀጥ አልኩ። ከስክሪኑ አናት ላይ የመወርወሪያው ሰዓት ይቆጥራል፣ እኔ ንቅንቅ አልልም፤ በእኛ ቤት ጡጫ እያየ የተንቀሳቀሰ ኦፕሬተር እንጀራው ተቆረጠ ማለት ነው። ሰዓቱ አለቀና ቅጣት ተቆጠረብኝ።

ልጄ ምንጣፉ ላይ እየተንከባለለች ሳቀች። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚለውን፣ ስንት ጊዜ እሷን የገሠጽኩበትን ተረት፣ መልሳ ለእኔው ተረተችብኝ። ከዚያ አስረዳችኝ። አንድ ጣት ፈጣንና ቀጥ ያለች ኳስ ናት፤ ሁለት ጣት የምትታጠፍ፤ ሦስት ጣት ፈጣን መስላ የምትዘገይ አታላይ። ጡጫ ኳሷን መቺው ከማይደርስባት ቦታ አርቀህ ወርውር ማለት ነው። ይህን ለመያዝ ብዙም አልተቸገርኩም። ያስቸገረኝ ቀጥሎ የነገረችኝ ነው። የቀላቢው ሐሳብ ካልጣመኝ አንዲት ቁልፍ ነክቼ ወርዋሪዬን ራሱን ማስነቅነቅ እችላለሁ፤ ያን ጊዜ ቀላቢው ሌላ ምልክት ይሰጠኛል።

"እምቢ ይባላል እንዴ?" አልኳት።

"ቀላቢህ እንጂ አለቃህ አይደለም እኮ፣ አባዬ።"

እኔ ግን አልሆነልኝም። ጣቴ እስከ ቁልፏ ትደርስና ትመለሳለች። ቀላቢው ያለኝን ሁሉ እየወረወርኩ አሥራ አንድ ለዜሮ ተሸነፍኩ።

ባለቤቴ ለካ ጓዳ ሆና የራሷን ነገር ስትሸርብ ነበር። የቁም ሳጥናችን በር እንደወለቀና እኔም መፍቻ የሚያዝበትን እንኳ እንደማላውቅ ነግራ ለጓንቴ ደውላለታለች። አሥር ሰዓት ላይ መፍቻውን ይዞ ከተፍ አለ። ልጄን ስሞ፣ ባለቤቴን ሰላም ብሎ፣ እኔን እንደ ሶፋው ትራስ አልፎኝ ወደ ቁም ሳጥኑ ሄደ። በሩ ምንም አልሆነም። ሁለት ጊዜ ከፍቶ ዘጋውና ባለቤቴን አያት። እሷም ሻይ ሳይጠጣ እንደማይሄድ ቁርጡን ነገረችው።

ሻዩ እስኪፈላ ልጄ ሥራ ሰጠችን። በዚህ ጌም ሁለት ሰው በአንድ ወገን መጫወት ይችላልና ጓንቴን ቀላቢ፣ እኔን ወርዋሪ አድርጋ ራሷ መቺ ሆነች። ጓንቴ ጆይስቲኩን ለመያዝ ጓንቱን አወለቀ። ከላይ ሳያቸው ረጃጅም ይመስሉኝ የነበሩት ጣቶቹ አጫጭር ናቸው። ምልክቶቹን ግን አንዴ ሰምቶ ያዛቸው። ጎን ለጎን ተቀምጠን አንተያይም፤ ስክሪኑ ላይ ግን እሱ ይጠቁማል፣ እኔ እወረውራለሁ፣ ልጄ አየሩን ትመታለች።

መጨረሻው ላይ በአንድ ነጥብ እየመራን አንድ መቺ ብቻ ቀራት። አንድ ሯጭ ሜዳው ላይ ስለነበራት ኳሷን ከአጥር ካሳለፈቻት ሁለት ነጥብ አግኝታ ታሸንፈናለች። ጓንቴ አንድ ጣት አሳየኝ። ከሰዓቱን ሙሉ ከእሷ ጋር ስጫወት ስለዋልኩ ልጄን አውቃታለሁ፤ ፈጣን ኳስ ስትጠብቅ የምላሷን ጫፍ ታወጣለች። አሁንም አውጥታለች። ጓንቴ ዓይኑን ከስክሪኑ ስላልነቀለ አላያትም። ጣቴ ቁልፏ ላይ ደረሰች፤ እንደ ምንም ብዬ ተጫንኳት። ወርዋሪዬ ራሱን ነቀነቀ። ጓንቴ መልሶ አንድ ጣት አሳየኝ። ደገምኩለት። ጆይስቲኩን ጭኑ ላይ አኑሮ ወደ እኔ ዞረ።

"ምን አይተህ ነው?" አለኝ። በሦስት ሳምንት ውስጥ የመጀመሪያ ቃሉ ነበር።

ያየሁትን በጆሮው ነገርኩት። ልጄ ጌሙን አቁማ ትጠብቀን ነበር። ጓንቴ ግን ጆይስቲኩን አላነሳም።

"ያን ቀንስ? ታንከሩን አይተኸው ነበር?"

ልዋሽ ቃጣኝ። "አይቼዋለሁ።"

"ታዲያ ለምን አላቆምክም?"

"አንተ አዙር እያልከኝ ነበራ።"

ጓንቴ ባዶ እጆቹን ተመለከተ። "እኔም አይቼዋለሁ" አለ ቀስ ብሎ። "ከላይ ሆኖ ከእኔ የተሻለ ያየዋል፣ የማያልፍ ቢሆን ያቆም ነበር ብዬ ነው ዝም ያልኩህ።"

ሦስት ሳምንት ሙሉ ያኮረፍኩት ሰው ከገዛ ዓይኑ ይልቅ እኔን አምኖ ነው እጁን እንደዘረጋ የቀረው። አፈርኩ። ደስም አለኝ፤ ደስታዬ ከሀፍረቴ ይበልጥ ነበር። ጉልበቱን መታ መታ አደረግኩት።

ልጄ ልቀጥል ወይ ብላ ጠየቀች። ጓንቴ ሦስት ጣት አሳየኝ፤ ተስማማሁ፤ አታላይዋን ወረወርኩ። ኳሷ እየተንቀራፈፈች ሄደች። ልጄም ሳትቸኩል ጠበቀቻትና በዱላው አግኝታ ከአጥሩ ማዶ ሰደደቻት። ምላሷን ያወጣችው ለካ እያየኋት መሆኔን ስላወቀች ልታሞኘኝ ነው።

"ጥፋቱ የኔ ነው" አልኩ።

"ተው እንጂ፣ ሦስት ጣት ያሳየሁት እኔ ነኝ" አለ ጓንቴ።

"ያስቀየርኩህ እኔ አይደለሁ?"

"ብታስቀይረኝስ? እኔ ጣት የለኝም?"

ሻዩ ቀርቦ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ጥፋቱን እየተሻማን ተጨቃጨቅን። ባለቤቴ እየሳቀች ሰኞ አለቃችሁ ፊት እንዲሁ ተከራከሩ አለችን። ሰኞ ጠዋት እንዳለችው አደረግን። አለቃችን አምስት ደቂቃ ያህል ከሰማን በኋላ ወደ ሥራችሁ ብሎ ሁለታችንንም ከቢሮው አባረረንና አብረን ወደ ክሬናችን ሄድን።