በበቅሎ ጠፍር የተለካ ዳገት

«ከአሰላ ጎበሳ ያለውን መንገድ ዐይኔን ጨፍኜ እሄደዋለሁ» አለች ሰኪና፣ በቀበሌው አዳራሽ መሐል ቆማ፣ ሰው ሁሉ እየሰማት።

ለነገሩ ውሸት አልነበረም። መንገዱን በዕድሜዋ አንዴ ሄዳበታለች፤ ያኔም ዐይኗ ተጨፍኖ ነበር። የሦስት ዓመት ልጅ ሳለች አክስቷ ሀሊሜ አዝላት ተራራውን ስትሻገር፣ ከአሰላ ጫፍ እስከ ጎበሳ ገበያ አንዴም ሳትነቃ እንደደረሰች ቤተሰቡ እስከ ዛሬ ያወራዋል። ይህን ግን አዳራሽ ውስጥ ማንም አልጠየቃት፤ ያልተጠየቀችውን ደግሞ አትመልስም።

ዘመኑ ሰባ ሁለት ነው። የወጣቶች ማኅበሩ ለሜይ ዴይ፣ ለሠራተኞች ቀን፣ ከአሰላ ተነስቶ፣ የጭላሎን ተራራ አቋርጦ፣ ጎበሳ ድረስ በእግር ሊጓዝ ወስኗል። ሊቀ መንበሩ ጓድ ግዛቸው ያለ ዕቅድ ፀጉሩን እንኳ የማያበጥር ሰው ነው። ዳገቱ የት እንደሚበረታ፣ የት ሜዳ እንደሚሆን፣ የት ቁልቁል እንደሚወርድ ሳላውቅ አርባ ሰው ይዤ አልወጣም አለ። ከጂኦግራፊ መጽሐፍ ውስጥም አንድ ሥዕል አሳያቸው። ተራራውን እንደ ድፎ ዳቦ በቢላ ቆርጠው ከጎኑ ሲያዩት ማለት ነው፤ በግራ መነሻው፣ በቀኝ መድረሻው፣ መሐል ላይ ሽቅብ ቁልቁል የሚል አንድ መስመር። የጎበሳን መንገድ እንዲህ ስሎ ያመጣ ሰው ባንዲራውን ይዞ ከፊት ይመራል ሲል ጨመረበት።

ሰኪና ከዚያ ወዲያ የተባለውን አልሰማችም። ከፊት፤ ያውም ባንዲራ ይዛ። ስድስተኛ ክፍልን ሁለቴ የደገመች፣ ሰፈሩ ሁሉ «አፍ ብቻ» የሚላት ልጅ፣ አርባ ሰው አስከትላ። ለዚህ ነው ተነስታ ያን የተናገረችው። አንድ ሳምንት ተሰጣት።

መጀመሪያ ያሰበችው ካርታ ነበር። አንድ መሥሪያ ቤት ግድግዳ ላይ የተራራው ካርታ እንደተሰቀለ ሰምታ ነበርና ሄደች። አለ። ተራራው ግን ተራራ አይመስልም፤ ክብ በክብ ውስጥ፣ ያም በሌላ ክብ ውስጥ፣ ልክ በቀለም እንደታተመ የጣት አሻራ። ተራራ ጣት ያለው ይመስል። ክቦቹ ምን እንደሆኑ፣ ማን ወጥቶ እያንዳንዷን እንደዞራት፣ ሲዞርስ ራሱን አዙሮት እንደሆነ ለማወቅ አፍንጫዋን ልታስነካው ደረሰች። መዝገብ ቤት የሚሠሩት አቶ ሀብተ ማርያም ከኋላዋ መጡ።

«ካርታ ለምን ፈለግሽ? ማን ላከሽ?»

የምሥራቁ ጦርነት ካለፈ ገና ሁለት ዓመቱ ነው፤ ካርታ የምታይ ልጅ እንደ ዋዛ አትታይም። ስሟን ጠየቁ፣ ቀበሌዋን ጠየቁ፣ የአባቷን ስም ጠየቁ። እስክሪብቷቸውን ሲያወጡ ሰኪና ደብተሬን የምለብድበት ወረቀት ፈልጌ ነው አለችና ወጣች። እስከ በሩ ድረስ በጨዋ ደንብ ተራመደች። ከበሩ በኋላ ያለውን መራመድ አይሉትም።

ቅዳሜ ከገበያው ጀርባ በቅሎዎች ወደሚራገፉበት ቦታ ወረደች። እዚያ ኦቦ ቱፋ አሉ፤ የጎበሳ ሰው ናቸው፤ ሃያ ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ ገብስ ጭነው ተራራውን የሚሻገሩ። ቁመቱ ስንት ነው ብትላቸው፣ የማን? የእኔ ነው እንዴ? ብለው ሳቁባት። ስንት ሜትር ብትላቸው፣ እሱ የጨርቅ ነው አሏት። ተስፋ ቆርጣ ልትሄድ ስትል ዐይኗ በቅሎዋ ላይ ዐረፈ። ጭነቱን የያዙት ጠፍሮች ሁለት ናቸው፤ አንዱ በደረቷ ዞሮ፣ ሌላው በጅራቷ ሥር አልፎ። የጅራቱ ከደረቱ ይልቅ አልቋል፤ ሊበጠስ ምንም አልቀረው። ለምን?

«ዳገት ላይ ጭነቱ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ያኔ የደረቱን አጠብቃለሁ» አሉ ኦቦ ቱፋ። «ቁልቁለት ላይ ወደ አንገቷ ይንሸራተታል፤ ያኔ የጅራቱን። አለዚያ ገብሱ ገደል ነው።»

ሰኪና አፏ ተከፍቶ ቀረ፤ ሳይናገር ሲከፈት የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። ሰውዬው ተራራውን ሃያ ዓመት ሲለኩት ኖረዋል፤ የነገራቸው የለም እንጂ።

ከመነሻው ጀምረው ጠፍር የሚያጠብቁበትን ቦታ ሁሉ አንድ በአንድ እንዲነግሯት ለመነቻቸው። ኦቦ ቱፋ ዐይናቸውን ጨፈኑና በባዶ አየር ላይ እጃቸው ጠፍር መሳብ ጀመረ። አንዴ በደረት፣ ረጅም መንገድ፤ ሁለተኛ በደረት፣ ረጅም መንገድ፤ ሦስተኛ። ከዚያ እጃቸው ቆመ። ከዚያ ደግሞ የጅራቱን፣ ቶሎ ቶሎ፣ ሰባት ጊዜ።

እጅዎ የቆመበትስ ምንድን ነው አለቻቸው። ጓሳ የሚባለው የደጋ ሣር የበቀለበት ሜዳ ነው፣ ግማሽ ቀን ሙሉ ጠፍር አይነካም አሏት። ሰኪና ሜዳ የሚባል ነገር ከታች ብቻ ያለ ይመስላት ነበር። ሰማይ ሥር የተዘረጋ ሜዳ! እዚያ ውሃ አለ ወይ፣ ካለስ ወዴት ይወርዳል፣ ሰው እዚያ ሆኖ አሰላንም ጎበሳንም ያያል ወይ፣ ደመናው ከላይ ነው ከታች እያለች ጥያቄ አከታተለች። ኦቦ ቱፋ የሚያውቁትን መለሱ፤ የማያውቁት ሲበዛ፣ በቅሎዬ እንኳ እንዲህ አድክማኝ አታውቅም ብለው ገብሳቸውን ሊያስመዝኑ ሄዱ።

ሌሊቱን እንቅልፍ እንቢ አላት፤ ሲነጋ የሂሳብ ደብተሯን ገለጠች። ለአንድ ጠፍር አንድ ካሬ። በግራ «አሰላ» ብላ ጻፈች፣ ሦስት ካሬ ቀስ እያለ የሚወጣ፤ መሐል ላይ ሜዳ፤ ከዚያ ሰባት ካሬ ቁልቁል፣ በቀኝ «ጎበሳ»። ጭላሎ በመስኮቷ ትይዩ ተገትሮ እያያት ነበር፤ እሷ ግን ደብተሯን ነበር የምታየው።

ጓድ ግዛቸው ሥዕሉን ሲያይ ፊቱ በራ። አወጣጡ እንዲህ ለስላሳ ከሆነማ ሰባት ሰዓት ላይ ምሳ በልተን እንነሳለን፣ ማታ ሜዳው ላይ እናድራለን አለ። አዳራሹ አጨበጨበላት። ሰኪና ባንዲራው የተደገፈበትን ጥግ እያየች፣ እንጨቱ ይከብድ እንደሆነ በሐሳቧ ትመዝን ጀመር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ስንቅ የሚጭን በቅሎ ሊከራዩ ኦቦ ቱፋን አዳራሽ አስጠሯቸው። ጓድ ግዛቸው የመነሻውን ሰዓት ሲነግራቸው ሽማግሌው በመስኮቱ ጭላሎን አዩ፤ ቀጥሎ ሥዕሉን። ይሄ ጫፍ ማን ነው ብለው በጣታቸው ነኩት። አሰላ ተባሉ።

«እኔ የነገርኳት ከቤቴ በር ጀምሬ ነው» አሉ። «ከጎበሳ ስመጣ ነው ገብስ የምጭነው። ከዚህ ስመለስ በቅሎዬ ባዶዋን ነች፤ ጠፍር አልነካም። ከአሰላ የሚወጣው ያ ሰባቱ ነው። በሰባት ሰዓት ከተነሳችሁ መሸባችሁ፤ በዚያ ላይ ብርዱ።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሰኪና ግን አላፈገፈገችም። ተስፈንጥራ ደብተሩን ከግዛቸው እጅ ነጠቀች፣ ገጹን ገነጠለች፣ ገልብጣ መስኮቱ ላይ ለጠፈችው። ብርሃኑ ከጀርባው ሲመታው መስመሩ ዞሮ ታየ፤ ሰባት ካሬ ቀጥ ያለ ዳገት፣ ሜዳው፣ ከዚያ ሦስት ካሬ ቀስ ያለ ቁልቁለት። በግራ «አሰላ»፣ በቀኝ «ጎበሳ» ብላ እንደገና ጻፈችበት፤ የቀድሞው ፊደል ብቻ ተገልብጦ የግራ እጅ ጽሕፈት መስሏል።

ጓድ ግዛቸው ተጠግቶ አየው። ኦቦ ቱፋም ቀርበው በጣታቸው ከጫፍ እስከ ጫፍ ተከተሉት፤ እያንዳንዱ ካሬ ላይ ሲደርሱ ሌላው እጃቸው ሳያውቁት ጠፍር ይስብ ነበር። አሁን ልክ ነው አሉ። ግዛቸው መነሻውን ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት አደረገና ጻፈ።

ሰኪና ባንዲራው ወደተደገፈበት ጥግ ሄደች።

«እንግዲህ መንገዱን አመጣሁ» አለች። «ባንዲራውን ልያዛ።»

ግዛቸው መልስ ፍለጋ ወደ ሽማግሌው ዞረ። ኦቦ ቱፋ ልጅቷን ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት።

«ዳገቱን የምታውቀው በቅሎዬ ናት» አሉ። «ባንዲራውን እሷ ላይ እሰሩት። አንቺ ጭራዋን እያየሽ ተከተይ።»