የሚጡ ሰባ ሦስት ዲግሪ

እህቴን ሚጡ ነው የምላት። እናታችን ስታርፍ ገና ድክ ድክ ትል ነበር፤ በጀርባዬ አዝዬ፣ ከእኔ አፍ ነጥቄ አጉርሼ ያሳደግኳት ልጅ ናት። ዛሬ ሁለታችንም አንድ የምርምር ተቋም ውስጥ እንሠራለን፤ እኔ በአሮጌው ክፍል፣ እሷ ከኮሪደሩ ማዶ በአዲሱ። የምንኖረውም አብረን ነው። አለቃችን ዲኤንኤን በስብ ሽፋን ላይ አጥብቆ ለተከለ ሰው የቡድን መሪነቱን እሰጣለሁ ብሎ ነበር። ቦታው አንድ ብቻ ነው። እኔ ካላገኘሁት ውሌ ዘንድሮ ያልቃል፤ በቃ፣ ዕቃዬን ሸክፌ መውጣት ነው።

ሥራው እንዲህ ነው። ከስብ የተሠራች፣ በዓይን የማትታይ አረፋ አለች። ብቻዋን ማንንም አትይዝም። አጭር የዲኤንኤ ክር ወስደን ጫፉ ላይ ኮሌስትሮል እናስራለን። ኮሌስትሮል ስብ ይወዳል፤ የአረፋዋ ሽፋን ውስጥ ሰተት ብሎ ይገባና ክሩን ወደ ውጭ አንጠልጥሎ ይቀራል። ክሩ ጥንዱ የሆነ ሌላ ክር ሲያገኝ ጥምጥም ይልበታል። እንግዲህ አረፋዋ ማንን እንደምትይዝ የምንወስነው እኛ ነን ማለት ነው። ችግሩ፣ በአንድ ኮሌስትሮል የተተከለ ክር አይረጋም፤ ይነቀልና ወደ ጎረቤት አረፋ ይሄዳል። ስንት ወር አቃጠለኝ መሰላችሁ! በመጨረሻ ሁለት ኮሌስትሮል ጎን ለጎን ባስርበት ንቅንቅ አልል አለ። ግን ሁለት ሲሆኑ ደግሞ ገና ቱቦው ውስጥ እያሉ እርስ በርስ ይጣበቃሉ። ዘዴው ክሩን አሙቆ በትኩሱ ከአረፋዋ ጋር መቀላቀል ነው።

ይህን ሁሉ ሽንኩርት እየከተፍኩ ለሚጡ ነገርኳት። ለማን ልንገር ታዲያ?

"ስንት ዲግሪ ላይ ነው የምታሞቂው፣ እትዬ?" አለችኝ።

"ሰባ ሦስት" አልኳት።

ሥራችንን ለሁሉም የምናቀርብበት ጊዜ ደረሰ። ተራው መጀመሪያ የእሷ ነበር፣ ከዚያ የእኔ። ላጨበጭብላት ፊት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ስክሪኑ ላይ ሁለት ኮሌስትሮል ጎን ለጎን ስትደቅን "እንዴ!" አልኩ ለራሴ። ቢሆንም ልቤ አልጨከነባትም፤ ራሷ ደርሳበት ይሆናል ብዬ ተጽናናሁ። ቀጥሎ ሙቀቱን አሳየች። ሰባ ሦስት ዲግሪ።

ወይ ጉዴ! የእኔ ክፍል ማሞቂያ እኮ ውሸታም ነው። ሥራው የሚፈልገውን ስልሳ አምስት እንዲሰጠኝ ሰባ ሦስት ላይ መሙላት አለብኝ። እኛ አሮጌው ክፍል ያለን ሰዎች ስለለመድነው የምናወራው ማሞቂያው ላይ የተጻፈውን ነው፤ ለእሷም እንዲሁ ነው የነገርኳት። ሰባ ሦስት ሥራውን አያበላሽም፤ ግን አዲስ ማሞቂያ ያለው ሰው ይህን ቁጥር ከየት ያመጣዋል?

እጄን አወጣሁ። "ለምን ሰባ ሦስት?"

ዓይኔን እያየች "ብዙ ሞክሬ የደረስኩበት ነው" አለች። ዓይኗን በጨው አጥባ!

አለቃው "ጎበዝ! ከዚህ በላይ ማን ያመጣል?" ብሎ የእኔን ተራ እንኳ ሳይጠብቅ መሪነቱ የእሷ መሆኑን እዚያው ተናገረ። ስታጠፋ መሸፈን ከልጅነቷ ጀምሮ ልማዴ ነው፤ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ።

ከሥራ ስትገባ ወጥ ቤት ቆሜ ጠበቅኳት። ቦርሳዋን እንኳ እንድታስቀምጥ ጊዜ አልሰጠኋትም።

"ካድሽኝ" አልኳት።

"እትዬ፣ ስሚኝ..."

"እትዬ አትበይኝ! ብትጠይቂኝ እኮ እሰጥሽ ነበር። ሥራውንም፣ ቦታውንም።"

"አውቃለሁ፣ ትሰጪኝ ነበር" አለች። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። "እሱ ነው ያንገሸገሸኝ። ከሰጠሽኝ እስክሞት ድረስ ያንቺ ልጅ ሆኜ መቅረቴ ነው። አንድ ነገር እንኳ አንቺ ያልሰጠሽኝ ይኑረኝ ብዬ ነው።"

"እና ሰረቅሽኝ?"

ብታለቅስ ኖሮ እኔው አባብላት ነበር፤ እሷ ግን አላለቀሰችም።

"ጥሩ" አልኳት። "ልጄ ካልሆንሽ የምሸፍንልሽ ነገር የለም።" ስልኬን አንስቼ ለአለቃው ደወልኩ።

"እትዬ፣ ተይ! እባክሽ!" አለች፤ እጄን ለመያዝ ተጠጋች። ገፋኋት። በሕይወቴ ገፍቻት አላውቅም።

"አቤት" አለ አለቃው።

"ዛሬ ያዩት ሥራ የእኔ ነው። ነገ ጠዋት መጥቼ አስረዳዎታለሁ" አልኩት።

ሚጡ የቤቱን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወጣች። አለቃው "እህትሽ እኮ ናት፤ እርግጠኛ ነሽ?" ይለኛል። ደረጃውን ስትወርድ ይሰማኛል።

"እርግጠኛ ነኝ" አልኩት።