የሀብተወልድ ነጭ አበባ

ኮሮና ነፍሴን ሲተውልኝ ማሽተቴን ይዞት ሄደ። ወጥ አጠገቤ አርሮ ጎረቤት ነው የሚነግረኝ። ባለቤቴ ሀብተወልድ ደግሞ እልኸኛ ነበር፤ ከሐኪም ጠበል ሲያንከራትተኝ ከርሞ፣ በመጨረሻ ከእንጦጦ ሥር፣ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ የአበባ ችግኝ ገዝቶ መጣ። "ሲፈካ ሰፈሩን ያውዳል ብለውኛል፤ አፍንጫሽን ይከፍትልሻል" አለኝና የካ አባዶ፣ አራተኛ ፎቅ፣ በረንዳችን ላይ በቀለም ባልዲ ተከላት።

ነጭ ሆና ፈካች። አጎንብሼ በአፍንጫዬ ሳብኩ። ምንም የለም። ቀና ስል ሀብቴ ትንፋሹን ውጦ ያየኛል። ምን ልበለው? "አቤት መዓዛዋ" አልኩት። ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ደስታ መሰለኝ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት "ሸዋዬ፣ እንዴት አደረች?" ይለኛል፤ እኔም አጎንብሼ ያንኑ እመልሳለሁ። ውሸት አይሆንልኝም ነበር፤ ለእሱ ስል ለመድኩት።

ባለፈው ሚያዝያ ድንገት ሞተብኝ። ለለቅሶ ቤቱ ሲራገፍ አበባዋም ከሶፋው ጋር ኮሪደር ወጣች። የእድሩ ሴቶች፣ እግዜር ይስጣቸው፣ ሦስት ቀን ሙሉ የሻይ ብርጭቆ እያለቀለቁ እሷ ላይ ደፉ። ክፋት አይደለም፤ ውሃ ያጠጧት መስሏቸው ነው። ከአርባው በኋላ ቅጠሏ ይረግፍ ጀመር። እሷም ከደረቀች ከሀብቴ ምን ቀረኝ? ታቅፌያት በሁለት ታክሲ ለሀብቴ የሸጣት ችግኝ ሻጭ ኢቲቻ ዘንድ ሄድኩ።

ምን እንደተደፋባት ጠይቆኝ፣ ሥሯን ቆፈር ቆፈር አድርጎ "የሻዩ ስኳር ነው እትዬ፤ አፈሯን እንቀይርላት፣ ትድናለች" አለኝ። የማን ሚስት እንደሆንኩ ስነግረው እጁ ቆመ። "ነፍስ ይማር። እሳቸው ያኔ እንደፈካች መጥተው ተቆጥተውኝ ነበር እኮ። ተሳስቼ ሌላ ችግኝ ሰጥቻቸው ኖሯል። ይቺኛዋ መዓዛ የላትም።"

"ምን አልክ?"

"ልቀይርልዎት ብላቸው እምቢ አሉ። 'ባለቤቴ ሸተተኝ ብላኛለች፤ ከቀየርኳት መዋሸቷን ማወቄ ይገባትና ታፍራለች፤ ተዋት' አሉኝ።"

ጉድ እኮ ነው። እኔ እሱን ላባብል ስደክም፣ ለካስ የሚያባብለኝ እሱ ኖሯል። እዚያው አፈሩ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ በቀብሩ ቀን እንኳ እንዲያ አላለቀስኩም። ኢቲቻ ደንግጦ መዓዛ ያላትን ችግኝ ሊሰጠኝ አነሳ።

"አይ፣ ይቺኑ አድንልኝ" አልኩት።

ክረምቱ ሲወጣ አንዲት አበባ ከፈተች። በማለዳ በረንዳው ላይ ቆሜ፣ እንዴት አደረች የሚለኝ ሰው ጠበቅኩ። ከዚያ አጎንብሼ ሳብኩና "አቤት መዓዛዋ፣ ሀብቴ" አልኩ።