ሰማንያ አራተኛው ደቂቃ

"ቀና በል እንጂ! ጆሮህን ይዤው ልቅር?" እያለ ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን ከደንበኛው ጆሮ ሥር ሲያሳልፍ፣ መምህሩ ወፍራም ደብተር በብብታቸው ሸጉጠው በሩን ገፉት።

"ማግኔት፣ ዛሬ አታመልጠኝም" አሉ አግዳሚው ላይ እየተቀመጡ። "የቡድኑ አርባኛ ዓመት ሊከበር ሦስት ሳምንት ነው የቀረው። የበዓሉ መጽሔት ነገ ማተሚያ ቤት ይገባል። የጎደለኝ የፍጻሜው ጨዋታ ብቻ ነው።"

ለፀጉር አስተካካዩ ማግኔት የሚለውን ስም ያወጡለት የቡድኑ በረኛ ሳለ ነው፤ ኳስ እጁ ላይ ይጣበቃል ብለው። ዛሬ ሃምሳን አልፏል፣ ጉልበቱም ደረጃ ሲወጣ ይንቋቋል፤ ስሙ ግን ሳያረጅ አብሮት ቀርቷል።

መምህሩ ቡድኑ ከተመሠረተበት ቀን ጀምሮ ጸሐፊው ናቸው። እስካሁን የጻፉትን ጮክ ብለው አነበቡለት። ቡድኑን ያቋቋሙት የጡብ ፋብሪካው ሠራተኞች ነበሩ። ለጡብ አፈር የተቆፈረውን ጉድጓድ በእረፍት ቀናቸው ደልድለው ሜዳ አደረጉት። መጀመሪያ የተገዛው መለያ ቀይ ነበር፤ ሁለቴ ሲታጠብ ሮዝ ሆነ፤ ሌላ የሚገዛ ስለጠፋ ቡድኑ እስከ ዛሬ ሮዝ ለባሽ ሆኖ ቀረ። ፋብሪካው ተዘጋ፣ የሜዳው አንድ ጎን ቤት ተሠራበት፣ ቡድኑ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ መጫወቱን አላቆመም። በአርባ ዓመት ውስጥ አንዴ ብቻ ለዋንጫ ደረሰ። ያንኑም በሰማንያ አራተኛው ደቂቃ፣ የገዛ ተጫዋቹ ባገባበት ግብ አጣው።

"እንግዲህ ያቺን ደቂቃ ራስህ ንገረኝ።"

ማግኔት መቀሱን አላቆመም። ሃያ ሁለት ዓመት ሲያወራው የኖረውን ነገር አፉ በቃሉ ያውቀዋል። "ረጅም ኳስ መጣ። ልይዘው ከግቤ ወጣሁ። 'ልቀቀው!' ብዬ ጮኽኩ። ተከላካያችን ግንበኛው አልሰማኝም። ግቤ ላይ የቆምኩ መስሎት በጭንቅላቱ ወደ ኋላ መለሰልኝ፤ ባዶ ግብ ገባ።"

"ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው" አለ ደንበኛው በመስተዋቱ ውስጥ እየሳቀ። የሰፈሩ የቆየ ቀልድ ነው። ግንበኛው በሄደበት ሁሉ ይህ ተረት ይከተለዋል።

መምህሩ ጽፈው ሲጨርሱ አነበቡ። "'ግንበኛው የበረኛውን ጥሪ ባለመስማቱ ዋንጫው ከእጃችን ወጣ።' ደህና ነው?"

"ደህና ነው" አለ ማግኔት።

ደህና ግን አልነበረም። ወሬ ወሬ ነው፤ ይነገራል፣ ይሳቅበታል፣ ይበተናል። መጽሔት ግን መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፤ የግንበኛው ልጆች ያነቡታል፣ የልጅ ልጆቹም ያገኙታል። ይህን ሲያስብ የደንበኛውን አንገት ሁለቴ ጠረገው። ሰዎቹ ሲወጡ ሱቁን በጠራራ ፀሐይ ዘግቶ ሄደ።

ግንበኛው የሚስቱ ታላቅ ወንድም ነው። በቤተሰብ ግብዣ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ ኳስ ግን አያነሱም። የቡድኑን ልብስ መቀየሪያ ክፍል በነጻ የገነባው እሱ ነበር። ከፍጻሜው ወዲህ ግን ሜዳውን ረግጦ አያውቅም።

ማግኔት እያለከለከ አንድ ጅምር ሕንጻ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ደረሰ። ግንበኛው ብሎኬት እየደረደረ ነበር። በሥራ ሰዓት ሲያየው ደነገጠ።

"ምነው? እህቴ ደህና አይደለችም?"

"ደህና ናት። ስለዚያች ኳስ ልነግርህ ነው።"

ግንበኛው ሌላ ብሎኬት አነሳ።

"አልጮኽኩም" አለ ማግኔት። "ከግቤ ወጣሁ እንጂ ቃል አልተነፈስኩም። ተሸንፈን ሁሉም ሲያፈጥብኝ 'ጮኼ ነበር' አልኩ። አንዴ ካልኩ በኋላ መመለሻው ጠፋኝ።"

ግንበኛው ብሎኬቱን አስቀመጠ፣ በቱምቢው ቀጥ ማለቱን አየ፣ ብሎኬቱን በጣቱ ገፋ አደረገው። "አውቃለሁ" አለ።

"ምኑን?"

"ያን ሰሞን ጆሮ ሐኪም ዘንድ ሄጄ ነበር፤ ደንቁሬ እንደሆነ ብዬ። ሐኪሙ ሲመረምረኝ ቆየና 'ያንተ ጆሮ ከእኔ ይሻላል' አለኝ። ያን ጊዜ ገባኝ።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልክ?"

"የሠርጋችሁ ወር ነበር። እህቴን 'ውሸታም ልታገቢ ነው' ልበላት? ጥቂት ቆይቶ ራሱ ይናገራል አልኩ።" ሲሚንቶውን በግንባታ ማንኪያው ጨለፈ። "ይህን ያህል ትቆያለህ ብዬ አላሰብኩም።"

"ይቅር በለኝ።"

"እኔማ ከድሮም አውቅ ነበር። ያላወቀው ሌላው ነው። በል ውረድ፣ ሲሚንቶዬ ይደርቅብኛል።"

አልተቆጣም። ቢቆጣው ለማግኔት ይሻለው ነበር።

መምህሩን በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ደብተሩን ሲያርሙ አገኛቸው። የሆነውን ሁሉ ሰምተው መነጽራቸውን አወለቁ።

"ሽፋኑ ላይ ያለው ያንተ ፎቶ ነው እኮ፣ ልጄ።" ጥቂት አሰቡ። "'በተፈጠረ አለመግባባት' እንበለው። ማንንም አንነካም።"

ቃሉ ለአፍታ ማግኔትን ጣመው። የሁለቱንም ስም ያድናል፤ ሐሰት ነው የሚለውም የለም።

"መምህር፣ አለመግባባት ሁለት ሰው ይፈልጋል" አለ በመጨረሻ። "እዚያ ያጠፋሁት እኔ ብቻ ነኝ።"

"ሰፈሩ ምን ይልሃል? ደንበኞችህስ?"

"ፀጉራቸው እንደሆነ ማደጉን አይተውም።"

መምህሩ ፈገግ ሳይሉ ብዕሩን አቀበሉት። ማግኔት ያንን ዓረፍተ ነገር ሰርዞ በዳር በኩል በተንጋደደ ጽሕፈቱ ጻፈ፦ "ግንበኛው አላጠፋም። በረኛው አልጠራም፤ ጠርቻለሁ ያለውም ዋሽቶ ነው።" መምህሩ አንብበው በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

መንገድ ላይ ሲወጣ ገና ስምንት ሰዓት ነበር። ወረፋ የያዙ ሰዎች የሱቁ ደጃፍ ላይ ቆመው ከሩቅ ታዩት፤ አንዱ እጁን አነሳ። ሚስቱ ግን ይህን ነገር ከመጽሔት ማንበብ የለባትም። እጁን አንስቶ መለሰላቸውና ወደ ቤቱ ታጠፈ።